ፒያኖ ያልገባበት ቤት

መስከረም 14

ይድረስ ለጅራቴ፤

«ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ እውነቱን ከፈለግህ ግን ዘንድሮ ከናፍቆትህ የጉልበቴ ሕመም ይብስብኛል። እናቴ ደህና ናት። «ልጄ እዚያ ብርድ አገር ጆሮውን ይሸፍን» ብላሃለች። የወለደችኝን እኔን ጆሮሽን ሸፍኚ ያለችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለምን አትደውዪም ላልከው፣ ቀኑን ሙሉ ጎዳና ላይ የምጮኸው ይበቃኛል። ደግሞስ በስልክ ድምፅሽ ጆሮ ይበሳል ያልከኝ አንተው አይደለህ? ወረቀት ላይ አልጮኽም።

አሁን ከኋላ ማን ይሄዳል ብለህ ጠይቀኸኛል። ማንም አይሄድም። ይህን የእግር ጉብኝት ስንጀምር አንዳችን ራስ፣ አንዳችን ጅራት እንሁን ያልነው ለቀልድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ያለ ጅራት እባብም አይሄድ። እኔ ከፊት ሆኜ ስለ ፖስታ ቤቱ ግድግዳ ስለፈልፍ ከኋላ ያሉት ሱቅ ገብተው ይቀራሉ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ሴትዮ ባንኩ ሕንፃ አጠገብ ጠፋችብን፤ ብንፈልግ ብንፈልግ ጫማ ስትለካ ተገኘች። አንተ ብትኖር ገና አንድ እግሯን ሳታስገባ ነድተህ ታመጣት ነበር።

ውሸታችንንም ትቼዋለሁ። በየዓመቱ አንድ ትንሽ ውሸት እንፈጥርና፣ እኔ ከፊት ሆኜ ዐይኔን ሳላሽ እናገረዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ አንተ ከኋላ ብቅ ብለህ «ዛሬ ከሰማችሁት አንዱ ውሸት ነው፤ የትኛው ነው?» ትላቸዋለህ። ሰዉ ሲከራከር፣ እውነቱን ውሸት ሲል፣ ከዚያ አንተ የትኛው እንደሆነ ገልጠህ ውሸቱን ስትመልሰው፣ ያ ሁሉ ሳቅ ያለ ጅራት አይሆንም። እኔው ዋሽቼ እኔው ብመልሰው «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይሉኛል። ግን ይህን ስማ፤ ድልድዩ አጠገብ የሚቆመው አስጎብኚ ያችን የፈጠርናትን የፖስታ ቤት ሰዓት ዛሬም ይናገራታል! «አርክቴክቱ ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ፣ እሷ ሁልጊዜ እንድትዘገይ ብሎ ሰዓቱን ወደኋላ ሞላው» እያለ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። እኛ ጋ ተደባልቆ ሰምቶ፣ እስከ መጨረሻው ሳይቆይ የሄደ ሌባ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ወጥመዳችን እስካሁን ይይዛል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ቤታችን፣ ቀንድ አውጣ፣ ሊፈርስ ነው። ወሬ ነው እንዳትለኝ፤ አንድ ኩባንያ ቦታውን ገዝቶታል፣ አፍርሶ የመስታወት ፎቅ ሊያቆምበት ነው። የከተማው የቅርስ ኮሚቴ መጋቢት ላይ ይሰበሰባል። ኮሚቴው ሕንፃውን ቅርስ ብሎ ከመዘገበው ይድናል፤ ካልመዘገበው እናቴ ከአራተኛ ፎቅ ትወጣለች። ወዴት እንደምትሄድ ደግሞ አላውቅም። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አንድ ደረጃ እንኳ መውጣት እንደማትችል አንተ ራስህ ተሸክመህ አይተኸዋል። ይህን ከተማ ሁለታችን በእግራችን ጨርሰነዋል፤ ሊፍት ሳይታመን፣ ደረጃ ሳይወጣ ሰው የሚኖርበት ሌላ ፎቅ ቤት ካለ ጥራልኝ። ከምድር እስከ ላይ እየተጠማዘዘ የሚወጣው ያ የአርማታ መንገድ ነው እናቴን ከጎረቤት የሚያገናኛት።

ኮሚቴው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጠመዝማዛው መንገድ ሕንፃው ሲሠራ አብሮ የተሠራ ነው ወይስ በኋላ የተጨመረ? አብሮ ከተሠራ ቀንድ አውጣ አምሳያ የሌለው ቤት ነው። በኋላ ከተጨመረ እንደማንኛውም ተራ ፎቅ ነው፤ ይፈርሳል። የሕንፃውን ታሪክ አብረን ነው ያጠናነው። የባለሙያ ቃልህን ጽፈህ ላክልኝ። የኔ ቃል ብቻውን ቢቀርብ «ምን ታድርግ፣ እናቷ ናት» ይባላል፤ ያንተን ግን ይሰሙታል።

ጅራት አልባዋ ራስህ

❖

ኅዳር 2

ለውድ እህቴ፣ ለራስ፤

በመዘግየቴ ይቅርታ፤ ሁለቱንም ደብዳቤዎችሽን አንድ ላይ መመለሴ ነው። እማማ እንዴት ናቸው? ዳሌያቸውስ? የላኩልኝ ሹራብ ደርሶኛል። ክሩ ምቹ ነው፤ እጅጌው ግን እስከ ጣቶቼ ይመጣል። እንዳትነግሪያቸው። ብርዱ ሲከፋ እጄን እደብቅበታለሁ።

ትምህርቱ አለቀ ወይ፣ ከምን ትኖራለህ ላልሽው፣ አዎ አልቋል፤ ሥራም አግኝቻለሁ። የቆዩ ሕንፃዎችን የሚመረምር አንድ ቢሮ ነው። ሥራው ወረቀት ማንበብና አስተያየት መጻፍ ነው፤ ደንበኞቹን ብዙም አናያቸውም። ስለ ሥራው ሌላ የሚነገር ነገር የለም። የመኖሪያ ፈቃዴ በዚህ ቢሮ ላይ የተንጠለጠለ ስለሆነ አንገቴን ደፍቼ እሠራለሁ።

ከመስኮቴ ፊት ለፊት አንድ ግራጫ የአርማታ ሕንፃ አለ። ግንበኞቹ አርማታውን ያፈሰሱበት ሳንቃ መልኩን ግድግዳው ላይ ትቶታል፤ ዝናብ ሲመታው የእንጨቱ ጅማት ሁሉ ይታያል። አንቺ እንዲህ ያለ ግድግዳ ፊት ስትቆሚ «ይህ ግድግዳ በልጅነቱ ዛፍ ነበር» ትያቸው ነበር። እዚህ እንደዚያ የሚናገር ሰው የለም። ሁሉም አዋቂ ነው፤ ማንም አይስቅም።

ቃሌን እጽፍልሻለሁ፣ በዚህ ሐሳብ አይግባሽ። ነገር ግን የባለሙያ ቃል በባዶ እጅ አይጻፍም። እስቲ አንዳንድ ነገር አስታውሺኝ። ጠመዝማዛው መንገድ ከምሰሶዎቹ ጋር ሲገናኝ መጋጠሚያው ይታያል? ሦስተኛው ጥምዝ ላይ፣ ከፖስታ ሣጥኖቹ ጀርባ ያየነው ስንጥቅስ እንዴት ሆነ፣ ሰፋ? መንገዱ በኋላ ነው የተሠራው የሚል ሰው አጋጥሞሽ ያውቃል? የተቃዋሚን ክርክር አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል ብዬ ነው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

ጅራት

❖

ታኅሣሥ 20

ለጅራቴ፤

ሰላም ነው? እኛ ደህና ነን። እናቴ ስለ እጅጌው ሰምታለች፤ ነግሬያታለሁ። ምን ላድርግ፣ አፌ አያርፍም። «ክንዱን በዐይኔ ለክቼ ነው የሠራሁት፤ እሱ ነው የከሳው» አለች።

ለደብዳቤህ ቶሎ ያልመለስኩት ሰው ቤታችንን ሲለካ ከርሞ ነው። ከኩባንያው ሁለት ሰዎች መጡ። እኔ ከታች ቆሜ ነበር። አንዱንም ሰው ሳይጠይቁ፣ ግራ ቀኝ ሳያዩ፣ በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ጥምዝ ወጡ። የፖስታ ሣጥኖቹን ፈትተው አወረዱና ከጀርባ ያለውን ስንጥቅ ፎቶ አነሱ። ሣጥኖቹ እዚያ ከተሰቀሉ ጀምሮ ያን ስንጥቅ ሰው አላየውም፤ እኔና አንተ በእጅ ባትሪ ያየነው ጊዜ ካልሆነ። እናቴ «እነዚህ ልጆች እዚህ ነው እንዴ ያደጉት?» አለች። ዝም ማለቴን አይታ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ትኩሳት ያለብኝ መስሏት።

አሁን ወደ ጥያቄህ። አንድ ነገር ሦስት ጊዜ አዙረህ ጠየቅኸኝ፤ አንዴ ብትጠይቀኝም እነግርህ ነበር። ስለ መጋጠሚያው የማውቀውን አንተም ታውቃለህ። ስለ መንገዱ ግን መጥፎ ወሬ አለኝ፤ ላንተ ካልሆነ ለማንም አልተነፈስኩትም፣ አልተነፍስምም።

ድልድዩ ማዶ የሚኖር አንድ ያረጀ ለሳኝ አግኝቼ ነበር። ሕንፃውን ሲሠሩ ግድግዳውን ከለሰኑት አንዱ ነኝ አለኝ። ቤቱ ሲከፈት እንደማንኛውም ቤት ደረጃ ነበረው ይላል። ከጊዜ በኋላ የላይኛውን ፎቅ አንድ ሀብታም ገዛው። ለሚስቱ ትልቅ ፒያኖ አስመጣላት፤ ፒያኖው በደረጃው አልወጣ አለ። በገመድ ቢሞክሩ ገመዱ ተበጠሰ። ሰውዬው ተናዶ ደረጃውን አስፈረሰና ያን ጠመዝማዛ መንገድ አሠራ። ፒያኖው በመንገዱ እየተገፋ ሲወጣ ሰፈርተኛው በየጥምዙ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር አሉ።

እንግዲህ ይህ ከተሰማ ቀንድ አውጣ አበቃለት፣ እናቴም እንደዚያው። ምን ማድረግ እንዳለብህ እኔ አልነግርህም። ጅራት ነህና ሥራህን ታውቀዋለህ።

ራስ

❖

ጥር 25

ለእህቴ፤

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዝኛለሁ። ለሳኙ አሁንም ይኖራል? ቢጠየቅ ይናገር ይመስልሻል? ስሙን መንገር ካልፈለግሽ እረዳለሁ።

የባለሙያው ቃል ትንሽ ይዘገያል። እዚህ ቢሮ ውስጥ ሰው በራሱ ስም የፈለገውን አይጽፍም፤ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ፈቃዱም ዙሪያ ጥምጥም ነው። ለመጋቢት ካልደረሰ አትቀየሚኝ። ያለ እኔም ብትሆኚ አፍሽ ለአንድ ኮሚቴ አያንስም።

ሰሞኑን እማማን በሕልሜ አያቸዋለሁ። እንደ ድሮው ጉብኝቱ ሲያልቅ መስኮት ላይ ወጥተው፣ አንቺን ትተው ከኋላ ለኔ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። አንቺ ደግሞ «የወለድሽው ማንን ነው?» ብለሽ ከታች ትጮኺያለሽ።

ከሳህ ላሉት፣ እውነታቸውን ነው በያቸው።

ጅራት

❖

መጋቢት 19

ሰላምታ የለኝም።

«ስብሰባው እንዴት ሆነ?» የሚል ካርድ ልከሃል። ከጀርባው የፀሐይ መጥለቂያ ሥዕል አለበት። ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ ይሁንና ልንገርህ፤ እንድትሰማው እፈልጋለሁ።

ስብሰባው ማዘጋጃ ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍቱ ደግሞ አልሠራ አለ። እናቴን ሁለት ጎረቤቶቻችን በወንበር አንስተው በደረጃው ሲያወጧት ቀሚሷን በሁለት እጇ ይዛ ዐይኗን ጨፍና ነበር። «በሬሳ ሳጥን እንኳ እንዲህ አልንገላታም» አለች። ከዚያ ቀና ብላ ተቀመጠች።

የኩባንያው ጠበቃ ወጣት ነው፤ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው። ስለ ስንጥቁ አወራ። ቀጥሎ «ጠመዝማዛው መንገድ የሕንፃው አካል አይደለም፤ በኋላ የተጨመረ ነው። ለዚህም የባለሙያ ማስረጃ አለን» አለ። መነፅሩን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። ደረጃ ነበር፣ ፈርሷል፣ አንድ ባለሀብት፣ አንድ ፒያኖ።

ፒያኖ ሲል እናቴ በሳቅ ፈነዳች። «ፒያኖ? እዚያ ቤት? እኔ ከገባሁ ጀምሮ ከሬዲዮ ሌላ የሚጮኽ ነገር አልገባም፤ ከልጄ በስተቀር!» አዳራሹ በሙሉ ሳቀ። ሰብሳቢዋም ሳቀች። ያልሳቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ያ ለሳኝ የለም። ድልድዩ ማዶ ማንንም አላገኘሁም። ሀብታሙንም፣ ሚስቱንም፣ ገመዱንም፣ ጭብጨባውንም በእናቴ ወጥ ቤት ተቀምጬ የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። በጉብኝት ላይ አልተናገርኳቸውም፤ ለጎረቤት፣ ለእናቴም አልተናገርኳቸውም። በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍኳቸው፣ ወረቀቱንም ለአንድ ሰው ላክሁት።

የጠረጠርኩህ ሰዎቹ በቀጥታ ወደ ስንጥቁ የሄዱ ዕለት ነው። ጠርጥሬህ በራሴ አፈርኩ። ፖስታውን ስዘጋ ካንተ ይልቅ እኔ ክፉ ሆኜ እንድገኝ ነበር የተመኘሁት። ፒያኖው ካንተ እጅ ሳይወጣ ቢቀር፣ ስትመጣ እግርህ ላይ ወድቄ ይቅርታ ልጠይቅህ አስቤ ነበር። ምን እንደምልህ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፣ የኔ ወንድም።

ተነሥቼ «ይህ ውሸት ነው፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት» አልኩ። ከቦርሳዬ ፎቶግራፍ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጥቅምት ላይ የምድር ቤቷ ጎረቤታችን ከአልበሟ ያገኘችው ነው፤ የመክፈቻው ዕለት የተነሣ። ሪባኑ ገና አልተቆረጠም፤ ከኋላው ልጆች በጠመዝማዛው መንገድ ላይ በቂጣቸው ሲንሸራተቱ ይታያሉ። ላንተ ያልነገርኩህ ስትመጣ ላስደንቅህ ብዬ ነበር። ውሸቱንም የመረጥኩት ፎቶው በእጄ ስላለ ነው፤ ሲነኩት የሚወድቅ፣ እናቴን የማይጎዳ ውሸት።

ሰብሳቢዋ ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች። «እርስዎ ታሪክ ይፈጥራሉ ማለት ነው?» አለችኝ። ጨዋታችንን ላስረዳት ሞከርኩ፤ ራስ፣ ጅራት፣ መጨረሻ ላይ የሚመለስ ውሸት። እስቲ አንተ ለኮሚቴ አስረዳው! ስናገረው ለራሴም የዕብድ ወሬ መሰለኝ። እሷ ግን በትዕግሥት ሰማችኝና «ታዲያ ውሸቱን የሚመልሱት ሰውዬ የት አሉ?» አለች።

የባለሙያው ማንነት ይነገረኝ አልኩ። ጠበቃው ስምህን ከነአባትህ በለሆሳስ አነበበ። እናቴ አልሰማችም፤ ጆሮዋም እንደ ድሮው አይደለም፣ ሰዉም ስለ ፒያኖው ይንጫጫ ነበር። ውሳኔው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል።

ቤታችን ስንት ዓመት በላህ ጠጣህ አልልህም፤ እሱን ጎረቤት ይበለው። ያንተን መልስ የምፈልገው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ለምን?

❖

ሚያዝያ 28

እህቴ፤

እንደዚህ ብዬ መጥራት ከቻልኩ።

ለምን ላልሽው መልሴ አንድ አይደለም። የቢሮው ደንበኛ ቤታችሁን የገዛው ኩባንያ መሆኑን ያወቅሁት ስለ መፍረሱ መጀመሪያ የጻፍሽልኝ ሰሞን ነው። የሕንፃው ፎቶ ጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ፤ የእማማ መስኮት ይታያል፣ መጋረጃው ሳይቀር። አለቃዬ «ይህን ከተማ የምታውቀው አንተ ነህ» አለኝ። እምቢ ብል ፈቃዴ አይታደስም፤ ተመልሼ ባዶ እጄን በራችሁ ላይ መቆም ነው። እኔ ባልጽፈው ሌላ ሰው ይጽፈዋል፣ ያ ሰው ቤቱን አይወደውም አልኩ። ለራሴ ስዋሽ ካንቺ የተሻልኩ ነኝ።

አንድ ነገር ግን እመኚኝ። ፒያኖውን አውቄዋለሁ። ደብዳቤሽን ገና ሳነብ አወቅሁት። እውነተኛ ለሳኝ ስለ ፒያኖ አያወራም፤ ኖራው እንዴት እንደተበጠበጠ ነው የሚያወራው። ያ በየጥምዙ የሚያጨበጭበው ሰፈርተኛ ደግሞ ያንቺ ነው፤ ሰው ሰብስቦ ማስጨብጨብ ትወጃለሽ። አውቄ ነው ያስገባሁት። ክርክራቸው ሁሉ በፒያኖው ላይ እንዲቆም አደረግሁ፤ አንቺ ተነሥተሽ አንዴ ስትገፊው አብሮ እንዲወድቅ። ከኋላ ሆኜ ማድረግ የቻልኩት ይህን ብቻ ነው።

እማማ ያውቃሉ? ይህን ብቻ ንገሪኝ። ካወቁ አልጽፍም። ካላወቁ፣ በፈጠረሽ፣ አትንገሪያቸው።

❖

ሰኔ 30

አውቄዋለሁ ትላለህ።

ላምንህ ሞክሬያለሁ። ጥቂት ቀን አምኜህም ነበር፤ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ለእናቴ እየዘፈንኩ ዕቃ አጠብኩ። ከዚያ ስንጥቁ ትዝ አለኝ። ስንጥቁ ፒያኖ አልነበረም፤ እውነት ነበር። እሱን ለምን ሰጠሃቸው? ደግሞስ ፎቶግራፉ በእጄ መኖሩን በምን አወቅህ? አላወቅህም። ፎቶው ባይኖር እኔ ቆሜ «ውሸት ነው» ስል ማን ይሰማኝ ነበር፣ «ምን ታድርግ፣ እናቷ ናት» ከማለት በቀር? ፒያኖህ እናቴን ከነአልጋዋ ያወርዳት ነበር።

እሺ፣ ይሁን፣ አውቀሃል እንበል። ካወቅህ ባሰ። ሕዝብ ፊት «እኔ ውሸታም ነኝ» ብዬ እንድነሣ መድረኩን አመቻችተህ አንተ ፈቃድህን አሳድሰህ ተቀመጥህ። «ተዘጋጂ» የምትል አንዲት ቃል መጻፍ ምን ገደደህ? ፀሐይ የምትጠልቅበት ካርድ ለመላክ ጊዜ ነበረህ።

ቀንድ አውጣ ድኗል። ባለፈው ሳምንት መዝግበውታል። ያዳነው ፎቶግራፉ ነው፤ ውሳኔው ላይ «የአስጎብኚዋ ቃል ግምት ውስጥ አልገባም» ብለው አስፍረውበታል። እኔና አንተ ያጠናናቸው ሌሎቹም፣ ፖስታ ቤቱ፣ መዋኛ ቤቱ፣ የአውቶቡስ ጣቢያው፣ ታሪካቸው እንደገና ይጣራል ተብሏል። እያንዳንዱን በር አንኳኩተን የሰበሰብነው አሁን ሁሉም ይሸታል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ወጥመድ ሠሪዋ እኔ ነኝና የድርሻዬን እቀበላለሁ። ያንተን ድርሻ ግን ለኔ የሰጠኝ ማን ነው?

ጉብኝቱ ቀዝቅዟል። የሚመጡትም እያንዳንዱን ነገር ስናገር «ይሄኛው እውነት ነው ወይስ ፒያኖ?» ይሉኛል። ፒያኖ በዚህ ከተማ የውሸት ስም ሆኗል። ድልድዩ አጠገብ የሚቆመው ሌባችን ብቻ ነው እስካሁን ያልገባው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ የቀንድ አውጣን ፒያኖ ሲያስጎበኝ አገኘሁት። እንደ ድሮው ልነግርህ ዞር አልኩ። ከኋላዬ አንዲት ሴትዮ ጫማዋን ታስር ነበር።

ስለ እናቴ ጠይቀሃል። ውሳኔው የደረሰን ዕለት ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይህን ያደረገው ልጄ ነው» አለች። «ከዚያ ሆኖ ጽፎልን ነው፤ እሱ ባይጽፍ ማን ይሰማን ነበር» አለች። ፊቷን እያየሁ አፌን ከፈትኩ። «አዎ፣ እሱ ነው» አልኩ። ላንተ ብዬ አይደለም። እንደዚያ ስታበራ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ለምድር ቤቷም፣ ለላይኛውም ፎቅ፣ ፖስታ ለሚያመጣውም ሰውዬ ትናገራለች። ቅዳሜ ጉብኝቱ ሲያልቅ መስኮት ላይ ትወጣና አንተ ትቆምበት ወደነበረው ቦታ እጇን ታወዛውዛለች፤ እዚያ የቆመው እንግዳ ሰው ግራ ገብቶት እሱም ያወዛውዝላታል። ሌላ ሹራብ ጀምራልሃለች። እጅጌውን አሳጥራዋለች።

እንግዲህ የዘንድሮው ውሸት ይኸው ነው። እኔ ከፊት ሆኜ ዐይኔን ሳላሽ ተናግሬዋለሁ፤ መመለሱ የጅራት ሥራ ነው። በደብዳቤ ግን አልቀበልህም። መጥተህ ዐይኗን እያየህ መልሰው። መንገዱን ታውቀዋለህ፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ደረጃ የለውም።